የተራራ አደን ስፖርት ፕሮግራም በገንዘብ መግዛት ያዋጣል?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱ መጀመሪያ ፈገግ አሰኘኝ፣ ጨርሼ ሳነበው ደግሞ አሳሰበኝ። አብዛኛውን ጊዜ የምትጠይቁኝ ስለ ጨጓራ፣ ስለ ፀጉር መነቃቀል፣ ወይ የመድኃኒት ፎቶ ልካችሁ "ዶክተር ይሄ ለምንድነው?" ነው። ይሄኛው ከኮሎራዶ፣ አሜሪካ ነው የመጣው። የሚጠይቀውም ስለ አደን ነው።

ጠያቂው ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ የሚኖሩ የ46 ዓመት ሰው ናቸው። ታሪካቸውን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፣ ስማቸው ግን ይቆየን፤ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። የሥራ ባልደረቦቻቸው በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ተራራ ወጥተው ኤልክ ያድናሉ፤ ዘንድሮ "አብረኸን ትሄዳለህ" ብለው ያዟቸው። ኤልክ ትልቅ የአጋዘን ዘር ነው፣ ወንዱ ከ300 ኪሎ በላይ ይመዝናል። (ይበላል ወይ ለምትሉኝ፦ ያመሰኳል፣ ሰኮናውም የተሰነጠቀ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ።)

መልእክታቸው በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ "ዶክተር፣ ለተራራ አዳኞች ብቻ ተብሎ የተዘጋጀ ኦንላይን የስፖርት ፕሮግራም አለ። በወር 35 ዶላር ነው፣ የዓመቱን አንዴ ከከፈልኩ ይቀንሳል። ጓደኞቼ ሁሉ ይጠቀሙበታል። ያዋጣኛል ወይስ ብሬን በከንቱ ነው የሚበሉኝ? ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ ነኝ፣ ስፖርት ከሠራሁ ዓመታት ሆኖኛል። ግፊትህ አንዳንዴ ከፍ ይላል ይሉኛል እንጂ ደህና ነኝ። አባቴ በ52 ዓመቱ ድንገት ነው ያረፈው።"

እሳቸው የጠየቁኝ ስለ 35 ዶላሩ ነው፤ እኔን ግን እንቅልፍ የነሳኝ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ናቸው።

እዚህ አዲስ አበባ ያላችሁ "እኛ ምን አገባን፣ አናድን" እንዳትሉ። ራስ ደጀን ለመውጣት የምትዘጋጁ፣ ባሌ ተራራ ለመሄድ ከጓደኛ ጋር ብር ያዋጣችሁ፣ ቲክቶክ ላይ ያያችሁትን "የ30 ቀን ቻሌንጅ" ልትገዙ ጣታችሁን ስልኩ ላይ ያሳረፋችሁ፣ ጥያቄው የእናንተም ነው። ተራራው ይለያይ እንጂ ልብና ጉልበት ያው ነው።

እስቲ መጀመሪያ የተራራ አደን ከሰውነት ምን እንደሚፈልግ እንይ፤ ካልሆነ ፕሮግራሙ ዋጋው ይገባዋል አይገባውም ማለት አንችልም።

ብዙ ሰው አደን ሲባል መተኮስ ይመስለዋል። መተኮሱ ግን ከሁሉም አጭሩ ክፍል ነው። ገና ሳይነጋ ተነስቶ በብርድ ዳገት መውጣት አለ፣ ቀኑን ሙሉ መንገድ በሌለበት ጫካ መመላለስ አለ፣ ማታ ደግሞ ድንኳን ውስጥ በደንብ ሳይተኙ አድሮ በማግስቱ ያንኑ መድገም አለ። ይሄ ለ5 ቀን ነው። ከቀናቸው ደግሞ ዋናው ሥራ ያኔ ይጀምራል። ያ ሁሉ ሥጋ መኪና ወደማይገባበት ቦታ ሄዶ የሚያመጣው የለም፤ ተበልቶ፣ ተከፋፍሎ፣ በጀርባ ነው የሚወርደው። የአንድ ትልቅ ኤልክ የኋላ እግር ከነአጥንቱ 30 ኪሎ አካባቢ ሊሆን ይችላል። አንድ ጀሪካን ውኃ 20 ኪሎ ነው፤ ተኩል ጨምሩበትና ጀርባችሁ ላይ አድርጋችሁ ቁልቁል እንደምትወርዱ አስቡት።

ስለዚህ አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው የሚፈለጉት። ለረጅም ሰዓት ሳይቆም የሚሠራ ልብና ሳንባ አለ። ሸክም የለመደ ጀርባ፣ ዳሌና ትከሻ አለ። ቁልቁለት የለመደ ጭን አለ። አራተኛው ከፍታ የለመደ ሰውነት ነው፤ እሱን በኋላ ለብቻው እመለስበታለሁ፣ ምክንያቱም ማንም ፕሮግራም አይሸጠውም።

ቁልቁለቱን ሰው ይንቀዋል፣ እኔም ንቄው ነበር። ተማሪ እያለን ከጓደኞቼ ጋር ሰሜን ተራሮች ሄደን ነበር፣ ከሳንቃበር በግጭ ወደ ጨነቅ። ኳስ እጫወት ስለነበር ራሴን እንደ ስፖርተኛ ነበር የምቆጥረው። ዳገቱን እንደምንም ወጣሁት። ቁልቁለቱን ከወረድን በማግስቱ ጠዋት ግን ከድንኳን መውጣት አቃተኝ፤ ጭኔ እንጨት ሆኗል፣ መቀመጥም መነሳትም በጓደኛ ድጋፍ ሆነ። ከእኛ ጋር የነበሩት ስካውት አባታችን የሚሆኑ ሰው ናቸው። በኮንጎ ጫማ፣ ጠመንጃቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ እያንጎራጎሩ ነው የሚያልፉኝ። "ዶክተር ትሆናለህ አሉ፤ መጀመሪያ ራስህን አክም" ብለውኛል።

ምን ሆኖ መሰላችሁ? ዳገት ስንወጣ የጭን ጡንቻ እያጠረ ነው የሚሠራው። ቁልቁለት ላይ ግን ጡንቻው እየተለጠጠ፣ በዚያው ላይ ደግሞ ክብደታችንን ፍሬን ይዞ ይሠራል። ይህ ዓይነቱ ሥራ ካልለመደ ጡንቻ ውስጥ ጥቃቅን ጉዳት ይፈጥራል። ሕመሙ ወዲያው አይመጣም፣ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚብሰው። ደስ የሚለው ነገር ጡንቻ ቶሎ ይማራል፤ አንዴ ቀለል ባለ መጠን ቁልቁለት ካስለመዳችሁት ለሳምንታት ጥበቃ ያገኛል። ስካውታችን ያንን ጥበቃ ከልጅነታቸው ጀምሮ በየቀኑ እያደሱት ነው የኖሩት፣ በነጻ። አርሲና ባሌ ላይ የደጋ አጋዘን ለማደን ከውጭ የሚመጡ ሰዎችን የሚመሩት የአገሬው ልጆችም እንደዚያው ናቸው፤ ማንም ፕሮግራም አልሸጠላቸውም። እኛ ወንበር ላይ የምንውለው ነን የጎደለንን በገንዘብ የምንፈልገው።

አሁን ወደ ልቡ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ የሚሺጋን ጥናት ነበር። መካከለኛ ዕድሜ ላይ ያሉ 25 ወንድ አዳኞችን መጀመሪያ ሆስፒታል ውስጥ ትሬድሚል ላይ አስሮጡ፣ ከዚያ ደግሞ አደን ላይ እያሉ የልብ ምታቸውን በመሣሪያ ተከታተሉ። አብዛኞቹ አደን ላይ ትሬድሚሉ ላይ ከደረሱበት ከፍተኛ ምት 85 በመቶ በላይ ደረሱ፤ ጭራሽ ያለፉትም ነበሩ። ሚሺጋን ደግሞ እንደ ኮሎራዶ ተራራ አይደለም። ነገሩ ይገባል፤ ብርዱ የደም ሥርን ያጠባል፣ ዳገቱ አለ፣ ሸክሙ አለ፣ እንስሳው ድንገት ብቅ ሲል የሚመጣው የአድሬናሊን ድንጋጤ አለ። እነዚህ ሁሉ የሚገጣጠሙት ዓመቱን ሙሉ ተቀምጦ በሚውል ሰው ላይ፣ ከሆስፒታል ብዙ ሰዓት ርቆ፣ ብዙ ጊዜ ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ነው።

አሁን የጋሼን መልእክት መልሳችሁ አንብቡት። ዕድሜ 46። ተቀምጦ መዋል። "አንዳንዴ ከፍ ይላል" የሚባል ግፊት። በ52 ዓመታቸው ድንገት ያረፉ አባት። በሕክምና አንድ ወንድ የቅርብ ዘመድ (አባት ወይም ወንድም) ከ55 ዓመት በፊት የልብ ሕመም ከያዘው የቤተሰብ ታሪክ አለ ብለን እንመዘግባለን። የጋሼ አባት በምን እንዳረፉ የመረመረ ባይኖርም፣ "ድንገት" የሚለው ቃል በ52 ዓመት ሰው ላይ ሲመጣ መጀመሪያ የምናስበው ልብን ነው።

የመጀመሪያ መልሴም ይሄ ነበር፦ "ጋሼ፣ ሊያዋጣዎት ይችላል። ግን ቀድሞ ወጪ የሚደረግበት እሱ አይደለም። መጀመሪያ ሐኪምዎ ጋ ይሂዱ፣ ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ ኢሲጂ ይታዩ፣ የአባትዎን ነገር ይንገሯቸው፣ ምን ያህል ሸክም በምን ያህል ከፍታ ላይ ሊሸከሙ እንዳሰቡም ሳይደብቁ ይንገሯቸው። 'ስፖርት ልጀምር ነው' ብቻ ካሏቸው በርቱ ብለው ይሸኙዎታል።"

ይህን ሁሉም ሰው ያድርግ እያልኩ አይደለም። የ25 ዓመት ጤነኛ ልጅ በእግር መሄድ ለመጀመር የሐኪም ወረቀት አያስፈልገውም። ነገር ግን ደረት ላይ ጫን የሚል ስሜት፣ ከበፊቱ የተለየ ትንፋሽ ማጠር፣ ራስ መሳት፣ ወይም የታወቀ የልብ፣ የስኳር፣ የኩላሊት ችግር ካለ፣ ዕድሜ ሳይቆጠር መጀመሪያ መታየት ነው።

ወደ ፕሮግራሙ እንመለስ። በእውነቱ በ35 ዶላር ምን ይገዛል?

ምስጢር አይገዛም። የተራራ ዝግጅት ምስጢሩ ምስጢር አለመኖሩ ነው፤ ዳገት መውጣት፣ ቀስ በቀስ ሸክም መጨመር፣ እግር ማጠንከር፣ መተኛት። ይሄን እኔም እዚህ በነጻ እየነገርኳችሁ ነው። ገንዘቡ የሚገዛው ቅደም ተከተል ነው፤ ዛሬ ምን እንደምሠራ ሌላ ሰው አስቦልኛል፣ ስልኬም ያስታውሰኛል። ሁለተኛ የሚገዛው ደግሞ ሃፍረት ነው፤ የከፈልኩበትን ነገር ዝም ብዬ ብተወው ይቆጨኛል። እንደ ቀልድ አትዩት፣ ለብዙ ሰው ከስፖርቱ በላይ የሚሠራው ይሄ ነው። "ሰኞ እጀምራለሁ" እያሉ ስንት ሰኞ እንዳለፈ እያንዳንዳችን እናውቃለን።

ስለዚህ ሊንኩን ላኩልኝ አልኳቸውና ገብቼ አየሁት። እኔ አንድን ፕሮግራም ሳይ መጀመሪያ የማየው የሰዎቹን ጡንቻ ሳይሆን ስለ እኔ ምን እንደጠየቁኝ ነው። ዕድሜዬን፣ ሕመሜን፣ የምወስደውን መድኃኒት፣ አሁን ስንት ደቂቃ መሄድ እንደምችል ሳይጠይቅ የመጀመሪያውን ቀን ሥራ የሚሰጠኝ ፕሮግራም ለእኔ አልተሠራም፤ ለሆነ የ28 ዓመት የቀድሞ ወታደር ነው የተሠራው። ቀጥሎ የማየው ሸክሙ እንዴት እንደሚያድግ ነው። ከዚያ ቁልቁለት። ላብ በላብ የሚያደርግ ዝላይና ሩጫ ሞልቶ፣ ከደረጃ በዝግታ መውረድን የሚያስለምድ አንድም ቀን ከሌለው ስሙ ብቻ ነው የተራራ። በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ቀለል የሚል ሳምንት መኖሩንም አያለሁ፣ ምክንያቱም ጅማት ከጡንቻና ከሳንባ ዘግይቶ ነው የሚጠነክረው። የዋጋውን ነገር ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ፦ በራሱ ጊዜ ካርዳችሁን እየቆረጠ ይቀጥላል? ማቋረጫው የት ነው? ከፕሮግራሙ ጋር ዱቄትና ክኒን ይሸጣል? ዱቄቱን መሸጥ ዋና ሥራው ከሆነ እኔ ቶሎ እወጣለሁ።

የጋሼ ፕሮግራም መጥፎ አልነበረም። ሸክሙ በሥርዓት ያድጋል፣ ደረጃ መውረድ አለው፣ ቀላል ሳምንትም አለው። ያልወደድኩት ሁለት ነገር ነው። ስለ ጤና የሚጠይቀው ቢሆንም መጨረሻ ላይ "በራስ ኃላፊነት" የምትል አንዲት ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ብቻ ናት። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ሳምንት ለጀማሪ ከበድ ይላል፤ ማስታወቂያው ላይም ሰው እስኪያስመልሰው ሲሠራ እንደ ጀግንነት ነው የሚታየው።

እዚህ ጋ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ይሄ ያሳመመውን ሰው አክሜያለሁ። ኢንተርን እያለሁ ሌሊት ተረኛ ሆኜ አንድ 20ዎቹ ውስጥ ያለ ወጣት መጣ። ለወራት ስፖርት ያልነካ ልጅ ነው፤ ከስልኩ ባወረደው ቻሌንጅ በአንድ ቀን ብዙ መቶ ስኩዋት ሠርቷል። በሁለተኛው ቀን ጭኑ አብጦ መርገጥ አቃተው፣ "ያው የስፖርት ሕመም ነው" ብሎ ማስታገሻ ዋጠ። በሦስተኛው ቀን ሽንቱ ኮካኮላ መሰለ። ይሄ ራብዶማዮላይሲስ ይባላል፤ የተጎዳው ጡንቻ ፈርሶ ውስጡ ያለው ፕሮቲን ወደ ደም ይገባና ኩላሊትን ይጎዳል። ልጁ ለቀናት በደም ሥር ፈሳሽ ተሰጥቶት ኩላሊቱ ዳነ። ጤነኛ ልጅ ነው፣ ኩላሊቱን ሊያጣ የነበረው በስንፍና ሳይሆን በአንድ ቀን ጉብዝና ነው። ስለዚህ እባካችሁ፦ ከከባድ ስፖርት በኋላ ሽንታችሁ ከጠቆረ፣ ጡንቻችሁ አብጦ ከደከመ፣ ጠዋት ይነጋል ሳትሉ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። አይቡፕሮፌን የመሳሰሉ ማስታገሻዎች ደግሞ ውኃ ያጠረው ሰው ሲወስዳቸው ኩላሊት ላይ ተጨማሪ ጫና ናቸው፣ ግፊትንም ከፍ ያደርጋሉ።

አሁን ቃል ወደገባሁላችሁ አራተኛው ነገር፣ ወደ ከፍታው። ኦሮራ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ዝቅ ይላል። የእነ ጋሼ ካምፕ 3,000 ሜትር አካባቢ ነው የሚሆነው። ከ2,500 ሜትር በላይ በፍጥነት ስንወጣ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት ሊጀምር ይችላል። ስፖርተኛ መሆን ከዚህ አያድንም። ደግሜ ልበለው፦ ስፖርተኛ መሆን ከከፍታ ሕመም አያድንም። እንዲያውም ጉልበት ያለው ሰው ስለሚፈጥን ብሶ ሊይዘው ይችላል። እኔ ግጭ የመጀመሪያዋን ሌሊት ራሴን ሲያመኝ "ቡና ሳልጠጣ ቀርቼ ነው" ብዬ ነበር። ቡናው አልነበረም።

መድኃኒቱ ጊዜ ነው። ከተቻለ አንድ ሁለት ሌሊት መሃል ላይ ማደር፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ደግሞ የመኝታ ቦታን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር፣ በመጀመሪያው ቀን አለመቻኮል፣ አልኮል መተው። አሴታዞላማይድ የሚባል መከላከያ ክኒን አለ፤ ግን ከሌላ መድኃኒትና ከአለርጂ ጋር መታየት ስላለበት በሐኪም ነው የሚታዘዘው። ቁጭ ብሎ እያለ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ እንደ ሰካራም የሚንገዳገድ ወይም ግራ የሚጋባ ሰው ካለ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ወደ ታች ማውረድ ነው። "እስቲ እስኪነጋ እንየው" አይባልም።

ጋሼን በመጨረሻ እንዲህ አልኳቸው። ምርመራዎ ደህና ከሆነ ለሁለት ሳምንት ምንም ሳይገዙ በሳምንት 3 ቀን ለ40 ደቂቃ ይሂዱ፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር በሚችሉበት ፍጥነት። ከ6ቱ ቀን 5ቱን ወይም 6ቱን ከሄዱ ፕሮግራሙ አያስፈልግዎትም፣ እኔ በነጻ የምነግርዎት ይበቃል። ከ6ቱ ሁለቱን ብቻ ከሄዱ ግን እውቀት አይደለም ያጣዎት፣ የሚቀሰቅስ ነው፤ ያኔ ይግዙ። ሲገዙ ደግሞ የወሩን እንጂ የዓመቱን አይደለም። አደኑ ጥቅምት ላይ ነው፣ ለሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ምን አስቸኮለዎት?

በነጻ የምነግራቸው ደግሞ ይሄ ነበር፣ ለእናንተም ይሆናል። 16 ሳምንት አላቸው፣ ጥሩ ጊዜ ነው፤ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ እኮ ልብና ሳንባ ላይ የሚታይ ለውጥ ይመጣል። የመጀመሪያው ወር ያለ ሸክም መሄድና በሳምንት 2 ቀን እግር ማጠንከር ነው፦ ደረጃ ላይ መውጣት፣ በዝግታ እስከ 4 እየቆጠሩ መውረድ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ ማለት። ከዚያ 5 ኪሎ በቦርሳ፣ በየሳምንቱ አንድ ሁለት ኪሎ እየጨመሩ፣ መጨረሻ ላይ 15 ወይም 18 ኪሎ። እሳቸው ሬድ ሮክስ የሚባል መቀመጫው ሁሉ ደረጃ የሆነ ቲያትር አላቸው፤ ኮንሰርት በሌለበት ቀን ሰው በነጻ ይሠራበታል። አዲስ አበባ ላላችሁ እንጦጦ አለላችሁ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚደርስ፤ ያልቻለ ደግሞ አሳንሰር የሌለው ኮንዶሚኒየሙ ምን ይሠራል? አራተኛ ፎቅ ሁለት ጊዜ ብትመላለሱበት ማን ከለከላችሁ።

ለሸክም ውኃ ተጠቀሙ። የላስቲክ ውኃ ሞልታችሁ ተሸክማችሁ ውጡ፣ ላይ ስትደርሱ አፍስሱትና ቀሏችሁ ውረዱ። ጉልበታችሁ ያመሰግናችኋል። ከሸክም ጋር መውረድን መጨረሻዎቹ ሳምንታት ላይ በትንሹ ጨምሩበት። የመጨረሻው ሳምንት ደግሞ ዕረፍት ነው ማለት ይቻላል፤ ያን ሳምንት ተጨማሪ ጉልበት አይገኝም፣ የሚገኘው ድካም ነው።

ጋሼ ፍልሰታን ስለሚጾሙ "ጾም ላይ ይቻላል ወይ?" ብለውኛል። ይቻላል። ከባዱን ቀን ከመብያ ሰዓት በኋላ ማድረግ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ለውዝ ሳያጎድሉ መብላት፣ ውኃውን ማካካስ። በባዶ ሆድና በደረቅ ጉሮሮ ዳገት ከሸክም ጋር አይሞከርም፣ በተለይ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው።

ምን ሆነ ለምትሉ፦ ግፊታቸው ተለካ፣ 162/98። በሌላ ቀን ሲደገምም ያው ከፍተኛ። "አንዳንዴ ከፍ ይላል" ያሉት በሥነ ሥርዓት የሚታከም ግፊት ሆኖ ተገኘ፤ ክኒን ተጀመረላቸው። የአባታቸውን ሲናገሩ ሐኪማቸው ትሬድሚል ላይ ልባቸውን አስመረመሯቸው፣ ደህና ወጣ። ከሁለቱ ሳምንት ፈተና ደግሞ ከ6ቱ ቀን 2ቱን ብቻ ነው የሄዱት፤ አልዋሹኝም። ስለዚህ ፕሮግራሙን ገዙ፣ በወር በወር፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ሥራ በግማሽ ቀንሰው። ለሦስት ወር 105 ዶላር ከፍለው መስከረም መጨረሻ ላይ አቋረጡት። ለእሳቸው አዋጥቷል። ለባለቤታቸው ግን አያስፈልጋቸውም ነበር፤ እሳቸው በየማለዳው አብረው ለመሄድ ብለው ወጥተው ከባላቸው ቀድመው ነው የጠነከሩት፣ አንድም ሳንቲም ሳይከፍሉ።

ጥቅምት ላይ ሄዱ። ሁለት ሌሊት ዝቅ ያለ ከተማ አድረው ነው ካምፕ የገቡት፣ ክኒናቸውንም አንድ ቀን አልዘለሉም። በአራተኛው ቀን ከጓደኞቻቸው አንዱ ቀናው። የኋላ እግሩን ተሸከም ሲሏቸው "እሱን ለእናንተ፣ እኔ ትከሻውን" ብለው በሁለት ዙር አወረዱ። የላኩልኝ የድምፅ መልእክት ላይ ትንፋሻቸው ይሰማል፦ "ቁልቁለቱ ላይ አስታወስኩህ ልጄ፤ ጭኔ ግን እንጨት አልሆነም።"

ድርሻቸውን ሥጋ ይዘው ተመልሰዋል፣ አሁን ሌላ ጥያቄ መጥቷል፦ ቁርጥ ይሆናል ወይ? አይሆንም። የዱር ሥጋ ጥሬውን አይበላም፣ በደንብ ይብሰል። በዚያ ላይ ኮሎራዶ ውስጥ አጋዘንና ኤልክ ላይ የሚታይ ክሮኒክ ዌስቲንግ የሚባል የአንጎል በሽታ አለ። ሰው ላይ ተላልፎ ባይረጋገጥም ሥጋው ተመርምሮ ውጤቱ እስኪመጣ መጠበቅ፣ ከተገኘበት ደግሞ አለመብላት ነው የሚመከረው። ውጤታቸው ነጻ ሆኖ መጥቷል። ቋንጣ ለማድረግ አስበዋል፤ ጨዉን ቀንሱት ብያቸዋለሁ። ለማንኛውም የነቢያት ጾም ስለገባ እስከ ገና ፍሪዘር ውስጥ ይቆያል።